ዊንዶውስ 10 አበቃ፤ የሰው ወረቀት የሚያድርበት ኮምፒውተር ላይ ምን እንጫን?

የጠባሴዋ ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁ። ጠባሴ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ዴስክቶፕ፣ አንድ ላፕቶፕና ሁለት ፕሪንተር ናቸው ያሉኝ። ሥራውን ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል።

ባለፈው ወር፣ ጥቅምት 4፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት አፕዴት አቆመ። ሁለቱ ዴስክቶፖቼ ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል ናቸው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይጠይቃል። የእኔዎቹ አያልፉም። ግን ምን ሆኑ? በዚህ ውርጭ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አበራቸዋለሁ፣ እስከ ማታ ይሠራሉ። ደህና ማሽን አውጥቶ መጣል አይዋጥልኝም።

ይህን ርዕስ የከፈትኩት ግን ስለ ማሽኑ ብቻ አይደለም።

ዓምና ፋይል እንዳይጠፋብኝ ብዬ አንድ የደመና ማከማቻ ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ጫንኩ። «ቀጥል»፣ «ቀጥል»፣ «እስማማለሁ» እያልኩ አለፍኩ። ከእነዚያ አንዱ፣ ቦታ ለመቆጠብ ሲል ፋይሉን ከኮምፒውተሩ አንስቶ እነሱ ጋ ብቻ የሚያስቀምጥ ኖሯል። አላነበብኩትም።

ሰኔ ላይ አንድ አባት ከባሶና ወራና ገጠር መጡ። ከሦስት ቀን በፊት የይግባኝ አቤቱታ ጽፌላቸው ነበር። ሁለት ቃል ታርሞ፣ ታትሞ፣ በዚያው ጠዋት ፍርድ ቤት መግባት አለበት። ኔትወርክ የለም። ፋይሉ አልከፈት አለኝ። ስሙ አለ፣ የተጻፈበት ቀን አለ፣ ከጎኑ ትንሽ የደመና ምስል አለች። ውስጡ የለም። እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ እዚሁ አይደለም እንዴ የጻፍሽው?» አሉኝ። አዎ፣ እዚሁ ነው የጻፍኩት። ደግነቱ የመጀመሪያው ረቂቅ በእጃቸው ነበር። ስድስቱን ገጽ እንደገና ጻፍኩት። ደረሱ፣ ተመስገን።

ማታ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላው ነገር ነው። የእሳቸው አቤቱታ ብቻ አይደለም እዚያ የሄደው። የአንድ ዓመት ሥራዬ ሁሉ ሄዷል። የፍቺ ስምምነት፣ የብድር ውል፣ የውርስ ጉዳይ፣ አንዲት እናት ለልጇ ሕክምና እርዳታ ለመጠየቅ ያጻፈችው ደብዳቤ። ሰዎቹ ለእኔ ነው የነገሩኝ። ለሌላ ስጪ ያለኝ የለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ዕለታዊ ሥራ በሚሠራበት ቤት በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ የሚጠቀም አለ? አማርኛ አጻጻፉስ? በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፉ ፋይሎችስ ምን ይሆናሉ?

የአራተኛ ዓመቱ (ደብረ ብርሃን)
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህቴ፣ ሊኑክስ ሚንት ሞክሪ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር አልተጠቀምኩም። ለአንቺ ማሽን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት ይሻላል። 4 ጊጋ ራም ይበቃዋል። ሚንት 22 እስከ ፈረንጆቹ 2029 ድረስ አፕዴት ያገኛል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ አካውንት ክፈች አይልም። ስትጭኚው የሚጠይቅሽ ስምና ፓስወርድ እዚያው ማሽኑ ላይ የሚቀር ነው።

ዋናው ጥሩ ነገር ሳትጭኚው መሞከር መቻልሽ ነው። ፍላሽ ላይ አድርገሽ ከፍላሹ ታስነሺዋለሽ። ፕሪንተርሽ ይሠራል? ስካነርሽስ? እዚያው ታያለሽ። ካልተስማማሽ ፍላሹን ነቅለሽ ዊንዶውስሽን መልሰሽ ታስነሺያለሽ። ምንም አልተነካም።

ለአማርኛ አይባስ የሚባለውን አስገቢና ኤም17ኤን የሚለውን ጨምሪበት። «ሰላም» ለማለት በእንግሊዝኛ ፊደል እንደሚነበበው ትመቺያለሽ። ኪማን የሚባለውን መጻፊያ የለመደ እጅ ካለሽ እሱም ለሊኑክስ አለ። ለደብዳቤ ሊብሬ ኦፊስ አብሮት ይመጣል።

ዊንዶውስ 10ን ለጊዜው ማቆየት ከፈለግሽ ደግሞ ማይክሮሶፍት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የሚዘልቅ ተጨማሪ የደኅንነት አፕዴት አለው። ግን በማይክሮሶፍት አካውንት መግባት ግድ ነው። አንቺ ደግሞ የሸሸሽው እሱን ይመስለኛል።

ሮቢት ጥገና (ሸዋ ሮቢት)
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

እኔ በዚህ አልስማማም። አሥራ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ጠግኛለሁ። ሊኑክስ ለተማሪ ጥሩ ነው። ለጽሕፈት ቤት ግን ራስ ምታት ነው።

ለምን? ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ይመጣል። ውስጡ በወርድ የተጻፈ ደብዳቤ አለ፣ ፎንቱ ኒያላ ወይም ፓወር ግዕዝ ነው። ሊኑክስ ላይ ኒያላ የለም። ማሽኑ በሌላ ፎንት ይተካዋል። አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ ወደ ሁለት ይሄዳል። «ከሰላምታ ጋር» የሚለውና ፊርማው ብቻውን ሁለተኛው ገጽ ላይ ይወድቃል። ደንበኛው ያኔ «አበላሸሽብኝ» ነው የሚልሽ። ፎንት ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። ከየመሥሪያ ቤቱ የሚመጡት የኤክሴል ቅጾችም ማክሮ (በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ያላቸው ናቸው፣ ሊብሬ ኦፊስ ላይ ሁልጊዜ አይሠሩም።

ስለ ምስጢሩም ነገር፣ እህቴ አትቀየሚኝ፣ ትንሽ አጋነንሽው። የእኛን የእርሻ ኪራይ ውል አሜሪካ ያለ ድርጅት ምን ያደርግለታል?

የጠባሴዋ ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣ ስለ ፎንቱ ያልከው እውነት ነው፣ አመሰግናለሁ። ስለ ምስጢሩ ግን ልመልስልህ።

ውሉን የሚፈልገው አሜሪካ ያለው ድርጅት ላይሆን ይችላል። የሚፈልገው ባላጋራው ነው። ከሳሽና ተከሳሽ እኮ እዚሁ ጠባሴ አንድ ሰፈር ነው የሚኖሩት። ሁለቱም እኔ ጋ ይመጣሉ። አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት፣ እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የጠዋቱ ሰው ፋይል ዴስክቶፑ ላይ ስሙን ይዞ ተዘርግቶ ቢገኝ፣ ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ ነው።

አንተ ከጻፍከው በኋላ ተነስቼ አንድ ነገር አየሁ። ሰው ወረቀቱን በቴሌግራም ይልክልኛል፣ አወርዳለሁ፣ አትማለሁ፣ «ሂሳብ» እላለሁ፣ አለቀ። እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ዳውንሎድ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚባለውን ፎልደር ከፈትኩት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልከፈትኩትም ማለት ይቻላል። መታወቂያ ብቻ ስቆጥር አራት መቶ አልፎ ተውኩት። ፊትና ጀርባ፣ ከነስልክ ቁጥሩ። የልደት ሰርተፍኬት። የባንክ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ። የሞቱ ሰዎች መታወቂያ አለ፤ የማውቃቸው። እዚያው ማሽን ላይ በየቀኑ የማንም ፍላሽ ይሰካል። ሾርትከት ቫይረስ የሌለበት ፍላሽ ደግሞ በሳምንት ስንት አያለሁ?

ሌላም አለ። ሁለተኛው ዴስክቶፕ ላይ ደንበኞች ቴሌግራም ዌብ ይከፍታሉ፣ ፋይላቸውን ያወርዳሉ፣ ሎግ አውት ሳያደርጉ ይሄዳሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ አካውንቷ ተከፍቶ አድሯል። ቀጥሎ የተቀመጠው ልጅ መልእክቷን ሲያነብ ደረስኩበት።

እናቴ ዘንድ ሰው እህል አስቀምጦ ይሄድ ነበር። ክረምት ከርሞ ሲመጣ ጆንያው እንደታሰረ ያገኘዋል። እኛ ቤት «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። ለእኔ የሰው መታወቂያም እንደዚያ ጆንያ ነው። ማጋነን አይደለም።

መምህር ዘመሐል ሜዳ (መንዝ)
ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

የልጄን የጠባሴዋን ጽሑፍ አንብቤ ደስ አለኝ። እኔም ከመንዝ ልጨምር።

በ2015 ክረምት ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እኛ ጋ ለረጅም ጊዜ አልተመለሰም። ያኔ ነው የገባኝ። ኮምፒውተር ላይ ሁለት ዓይነት ፕሮግራም አለ። አንደኛው እቤትህ ያለ ነው፣ መብራት እስካለ ይሠራል። ሁለተኛው እቤትህ ያለ ይመስልሃል እንጂ ከሩቅ ፈቃድ እየጠየቀ የሚኖር ነው። ትምህርት ቤት የምንጠቀምበት አንድ ፕሮግራም በየተወሰነ ጊዜ ፈቃዱን በኢንተርኔት ያረጋግጥ ነበር። ኢንተርኔት ሲጠፋ «ፈቃድዎ አልተረጋገጠም» ብሎ ተዘጋ። የተማሪዎች ውጤት ውስጡ ነበር። ከመዝገብ ደብተር ላይ በእጅ ስንገለብጥ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብን።

በዚያው ወቅት ያላሳፈረኝ ኪዊክስ ነው። ዊኪፔዲያን ሙሉውን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበቢያ ነው። ቀደም ብሎ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በሃርድ ዲስክ ከአዲስ አበባ አምጥቶልኝ ነበር። ልጆቹ በዚያ ተማሩ።

ስለ ድሮ ፓወር ግዕዝ ፋይል ለተነሳው፣ ምክንያቱን ላስረዳ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ መለያ ቁጥር ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ኮምፒውተሩ «ሀ» ብሎ አያውቀውም፣ የላቲን ምልክት ነው ብሎ ነው የያዘው። ፎንቱ ሲነሳ ያ ምልክት ይወጣል። ስለዚህ ፋይሉ አልተበላሸም፣ ልብሱ ነው የወለቀው። ችግሩም የሊኑክስ አይደለም። ፎንቱ ያልተጫነበት ዊንዶውስም ላይ ያው ነው።

ሮቢት ጥገና (ሸዋ ሮቢት)
ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ልብሱ ነው የወለቀው» ያሉትን ለደንበኞቼ እነግራቸዋለሁ።

እህቴ፣ የመታወቂያውን ነገር ሳነብ ዝም አልኩ። እኔ ጋም ለጥገና የገቡ ሃርድ ዲስኮች ፋይል ይዤ የቀረሁት አለ። «ባለቤቱ ተመልሶ ከጠየቀኝ» ብዬ ነው። ሦስት ዓመት ያልጠየቀ አለ።

ግን አሁንም አንድ ነገር ልበል። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ኦርጅናል ዊንዶውስ የሚገዛበት ዶላር የለውም። ካርድም የለውም። በክራክ፣ ማለትም ፈቃዱን በሚሰብር ፕሮግራም ነው የምጭንለት። አልደብቅም። ሌላ ምን ላድርግ?

የአራተኛ ዓመቱ (ደብረ ብርሃን)
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እኔ የምለው እኮ እሱን ነው። ክራኩን ስትጭን መጀመሪያ ምን ይልሃል? «አንቲቫይረሱን አጥፋ»። በርህን ከፍተህ ማን እንደሆነ የማታውቀውን ሰው «ግባ» እንደማለት ነው። የሚሠራ አክቲቬተር ሊሆን ይችላል፣ ከጀርባው ፓስወርድ የሚለቅም ሊሆን ይችላል። አንተም እኔም ከውጭ አይተን አንለይም። ያለ ክራክ፣ ያለ ዶላር፣ በሕጋዊ መንገድ የሚገኝ ነገር እያለ ለምን?

ስለ ዊንዶውስ 11ም አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው እንዲያውቀው። ማይክሮሶፍት በፈረንጆቹ ግንቦት 2024 ሪኮል የሚባል ነገር አስተዋወቀ። በየጥቂት ሰከንዱ የስክሪኑን ፎቶ እያነሳ የሚያስቀምጥ፣ በኋላ «ያንን ነገር የት ነበር ያየሁት?» ስትለው የሚፈልግልህ ነው። የደኅንነት ባለሙያዎች ጮኹ፣ ድርጅቱም አዘገየው፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ እንዳይበራም አደረገው። የሚሠራውም በአዳዲሶቹ ኮፓይለት ፕላስ ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ነው። የእኛ ማሽኖች ጋ አይደርስም። ግን ጽሕፈት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢበራ አስቡት። የሁሉ ሰው አቤቱታ በፎቶ ማለት ነው።

ከጀማ ማዶ (ዓለም ከተማ)
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

የሕግ ሥራ ላይ ነኝ። ሁለት ነገር ብቻ ልበል።

አንደኛ፣ አሁን ሕግ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይባላል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ቁም ነገሩ ቀላል ነው፤ ለአንድ ጉዳይ ብለህ የወሰድከውን የሰው መረጃ ለሌላ ጉዳይ አታውለውም፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይም አታቆየውም። ለማተም የመጣ መታወቂያ ከታተመ በኋላ ጉዳዩ አልቋል። ጠባሴ ያለችው እህታችን ያለችው ነገር ከሕጉ ጋር የሚገጥም ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ቴሌግራም። ብዙ ሰው «ቴሌግራም አይነበብም» ይላል። ልክ አይደለም። ተራው ቻት ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፣ ቁልፉም እነሱ ጋ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው ሲክሬት ቻት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በስልክ እንጂ ዊንዶውስ ላይ ባለው ቴሌግራም ዴስክቶፕ አይሠራም፣ ግሩፕም ላይ የለም። በፈረንጆቹ 2024 ኃላፊው ፓቬል ዱሮቭ ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ ድርጅቱ ደንቡን ቀይሯል። በሕግ አግባብ ሲጠየቅ የስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ ሊሰጥ እንደሚችል ጽፏል። ሲግናል ሁሉንም መልእክት ከመነሻው ይቆልፋል። ግን እውነቱን እንናገር፣ ዓለም ከተማ ላይ ሲግናል ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል። ደንበኛን «ሌላ አፕ ጫን» ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስ የሚለውን ገብታችሁ የማታውቁት ማሽን ካለ አስወጡት፣ ሁለተኛውን ፓስወርድም አብሩ።

የጠባሴዋ ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)
ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዘግይቼም ቢሆን መጣሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የአራተኛ ዓመቱ ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት ራሱ መጣ። ፍላሽ ይዞ ነበር። ሳንጭን ከፍላሹ አስነስተን ሞከርነው። ኤችፒ ፕሪንተሬን ወዲያው አወቀው፣ ምንም ሲዲ አልጠየቀም። አሮጌው ስካነር ግን እንቢ አለ። ሁለት ሰዓት ታገልነው፣ አልሆነም። እሱን ለጊዜው ትተነዋል።

አንዱን ዴስክቶፕ ሙሉ በሙሉ ሚንት አደረግነው። የመጀመሪያው ሳምንት ከብዶኝ ነበር። ጣቴ የለመደው ሌላ ነው። የሮቢቱ ወንድሜ ያለው ነገርም በሁለተኛው ቀን ደረሰ። አንድ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስከፍት ፊርማውና ማኅተሙ ሁለተኛው ገጽ ላይ ብቻቸውን ወርደዋል። ደንበኛዋን «ትንሽ ቆይ» አልኳት። ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ የሚለውን ፎንት ከዊንዶውሱ ማሽን በፍላሽ ገልብጬ፣ ሁለቴ ተጭኜ «ጫን» አልኩት። ሊብሬ ኦፊሱን ዘግቼ ከፈትኩት። ደብዳቤው ወደ አንድ ገጽ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚያመጣውን ፎንት በሙሉ እያስገባሁ ነው።

ሁለተኛው ዴስክቶፕ ዊንዶውስ 10 እንደሆነ ቀርቷል። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅዬ ጣልኩት። የድሮ ፓወር ግዕዝ ፋይልና ማክሮ ያለው ኤክሴል ሲመጣ እዚያ ይሠራል፤ ስካነሩም እዚያው ነው። ቴሌግራም ዌብ የሚፈልግ ደንበኛ አሁን ሚንቱ ላይ ነው የሚከፍተው፣ ፋየርፎክስን በግል መስኮት እንዲከፈት አድርጌዋለሁ። ሲዘጋ ሎግ ኢኑም አብሮ ይጠፋል።

የደመናውን ፕሮግራም አወጣሁት። መጀመሪያ ግን ፋይሎቹን በሙሉ አወረድኩ። ኔትወርኩ ቀን ስለማይረባ ሌሊት ነበር የማወርደው፣ አራት ሌሊት ፈጀ። አሁን ቅጂው በአንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፣ በፓስወርድ ተቆልፎ፣ ማታ ይዤው ቤቴ እገባለሁ።

ያንን የቴሌግራም ፎልደር አጠፋሁት። ያለቀለትን ሥራ ሁሉ። አንድ ቤተሰብ ግን የሞተ ወንድማቸው ፎቶ ሌላ ቦታ እንደሌላቸው ስለማውቅ ደወልኩላቸው። መጥተው አሳትመው ወሰዱ።

አሁን ሥራ ሲያልቅ ስክሪኑን ወደ ደንበኛው አዞራለሁ። «ይሄው፣ አጠፋሁት» እላለሁ፣ እያየ አጠፋዋለሁ። መጀመሪያ ግራ ይጋባሉ። ትናንት አንዲት ሴት ከሄደች በኋላ ተመልሳ መጣች። ከሁለት ዓመት በፊት ያጻፈችው ወረቀት እንዳለ ጠየቀችኝ። የፍቺ ነበር። ፈልጌ አገኘሁት፣ ካለቀለት ውጭ ያስቀመጥኩት ውስጥ ነበር። «እሱንም» አለችኝ። አጠፋሁላት።

ሮቢት ጥገና (ሸዋ ሮቢት)
ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

በርቺ እህቴ። ይዤ ለቀረኋቸው ሃርድ ዲስኮች ባለቤቶች ባለፈው ሳምንት አንድ በአንድ ደውዬላቸዋለሁ። አምስቱ አጥፋው አሉኝ። ሁለቱ ስልካቸው አይሠራም።

ክራኩን ሙሉ በሙሉ አላቆምኩም፣ አልዋሽም። ግን አንድ ተማሪ አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ ከመጣ ሚንት ላሳየውና እሱ ይምረጥ ብያለሁ። እኔ ጋ ኔትወርኩ 3 ጊጋ የሚጠጋ ፋይል አያወርድም፣ ግማሽ ላይ ይቆማል። ፍላሹን ልትልኪልኝ ትችያለሽ?

የጠባሴዋ ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)
ታኅሣሥ 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

እንዴታ። ነገ ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ በሮቢት ሚኒባስ ለሹፌሩ እሰጠዋለሁ፣ ቁጥሩን በውስጥ እልክልሃለሁ። ጣርማ በር ላይ ጉም ካልያዛቸው ከምሳ በፊት ይደርስሃል። ፎንቶቹንም ለብቻ ፎልደር አድርጌ ጨምሬልሃለሁ። ሌላ ምንም የለበትም፣ ባዶ አድርጌ ነው የጻፍኩበት።